ደብዳቤ የማይጠይቅ በር፦ ፐብሜድ በአንድ የጤና ዘጋቢ ሚዛን

በአዲስ አበባ የጤና ጉዳዮችን የሚዘግብ ጋዜጠኛ መረጃ ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሄድ በር ላይ የሚቀበለው ጥያቄ «ደብዳቤ ይዘዋል?» የሚል ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከስብሰባ ሲወጡ ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ተመርቷል፤ ሕዝብ ግንኙነቱም «እንደውልልዎታለን» ይላል። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መሥሪያ ቤቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ የዕለት ዜና ግን 30 ቀን ተቀምጦ አይጠብቅም። እዚህ የምገመግመው አገልግሎት ደብዳቤም፣ መታወቂያም፣ ክፍያም አይጠይቅም፤ የየትኛው ተቋም ጋዜጠኛ እንደሆንኩም ጠይቆኝ አያውቅም። ስሙ ፐብሜድ ነው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት እርሱን ሳልከፍት የጻፍኩት የጤና ዓምድ የለም ማለት እችላለሁ፤ ያም ሆኖ ከአምስት ኮከብ የምሰጠው አራት ነው፤ አንዷን ለምን እንደያዝኳት በስፍራው እናገራለሁ።

ፐብሜድ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቤተስዳ የሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያቀርበው የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጥናቶች ማውጫ ነው። ማውጫ ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከ37 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ጽሑፎችን ርእስ፣ የአጥኚዎቹን ስም፣ የታተሙበትን ጆርናልና ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም አብስትራክታቸውን፣ ማለትም አጭር ማጠቃለያቸውን፣ ይዟል እንጂ ጽሑፎቹ ራሳቸው በውስጡ የሉም። ቅድመ አያቱ እ.ኤ.አ. በ1879 መታተም የጀመረው ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለ የወረቀት ማውጫ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1971 ሜድላይን በሚል ስም በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሠራ አገልግሎት ሆነ፤ ነገር ግን ለመጠቀም ክፍያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1997 በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በተገኙበት ሥነ ሥርዓት ፐብሜድ ለማንኛውም ሰው በነጻ ተከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ የልብ ሐኪም ከሕክምናው በፊት የሚያየውን የጥናት ዝርዝር፣ የሐኪሙን ቃል የሚጠይቀው ጋዜጠኛም በእኩል ማየት ቻለ።

ይህ እኩልነት በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ልግለጽ። «ጥቁር አዝሙድ ስኳር በሽታን እንደሚያድን በሳይንስ ተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ይቆይና አዘጋጁ «ይህን ለነገ አጣርተህ አምጣ» ይላል። በጀማሪነቴ ጊዜ ለሁለት ሐኪሞች እደውል ነበር፤ አንዱ «ሊረዳ ይችላል»፣ ሌላው «ተረት ነው» ሲሉኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ዘገባዬ ሚዛናዊ ነው እል ነበር። አሁን መጀመሪያ የማደርገው የጥቁር አዝሙድን የላቲን ስም፣ ማለትም ኒጌላ ሳቲቫን፣ ከስኳር በሽታ ጋር አጣምሬ በመፈለጊያው ሳጥን መጻፍ ነው። የሚመጣው ዝርዝር ረጅም ነው። ከማጣሪያዎቹ በሰው ላይ የተደረጉትን፣ ቀጥሎም ተሳታፊዎች በዕጣ የተመደቡባቸውን ሙከራዎችና በአንድ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑ ስልታዊ ግምገማዎችን ብቻ ስመርጥ፣ በአይጥና በብልቃጥ ውስጥ የተሠሩት ይወርዱና ዝርዝሩ በአንድ ሻይ ጊዜ የሚነበብ ይሆናል። የሚቀሩት አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን ለጥቂት ሳምንታት የተከታተሉ፣ በደም ውስጥ ባለው የስኳር መጠን ላይ መጠነኛ መቀነስ አየን የሚሉ ናቸው፤ «ያድናል» ብሎ የደመደመ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ ስደውል «እውነት ነው ወይ?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ሙከራዎቹ ሁሉ ለምን አነሱ? መድኃኒቱን ትቶ አዝሙድ የጀመረ ታካሚ መጥቶብዎት ያውቃል?» እላለሁ። ሐኪሞች አንብቦ የደወለን ጋዜጠኛ ወዲያው ይለዩታል፤ ድምፃቸው ይለወጣል፣ የተጣደፉበት ነገርም ጥቂት ሊቆይ የሚችል ይሆናል።

የፐብሜድ ትልቁ ሀብት፣ ብዙ ባልደረቦቼም የማያውቁት፣ ሜሽ የተባለው የቃላት ሥርዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተዘጋጀው ይህ መዝገብ ወደ 30,000 የሚጠጉ መደበኛ ቃላት ያሉት ሲሆን፣ ጸሐፊው አንድን በሽታ በምንም ስም ቢጠራው ጽሑፉ ከአንድ መደበኛ ቃል ሥር እንዲገባ ያደርጋል። ለእኛ ይህ እጅግ ይጠቅማል፤ ጫትን በላቲን ፊደል አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው፣ ሌላው በሲ ጀምሮ ይጽፈዋልና። በሜሽ በኩል የገባ ሰው ሁሉንም ካታ በተባለው የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሥር ተሰብስበው ያገኛቸዋል። በአንጻሩ ደግሞ የራሳችንን ቃል ሳናጠራ ከገባን ሥርዓቱ አያድነንም። ዝሆኔን እንውሰድ። በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በሕክምናው ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል፦ አንደኛው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ፊላሪያሲስ ሲሆን፣ ሌላው በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ ተላላፊ ያልሆነው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። መከላከያቸው ፈጽሞ አይገናኝም፤ የአንዱ መድኃኒት ማደል፣ የሌላው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የጻፈ ዘጋቢ ጫማ ሊገዛ የሚገባውን ገበሬ ከጎረቤቱ እንዲሸሽ ያደርገዋል። ኮሶም እንዲሁ ነው፤ ትሉም ኮሶ፣ ማሻሪያው ዛፍም ኮሶ። ምችን በተመለከተ ደግሞ፣ እስካሁን በሜሽ ውስጥ አቻ ፈልጌለት የምተማመንበት አልሆነልኝም፤ ስለ ምች የሚጠይቁኝ አንባቢዎች ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ስለ ስማችን። ፐብሜድ የአያት ወይም የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች የተሠራ ነው፤ የመጨረሻውን ስም ያስቀድምና የመጀመሪያውን ወደ አንዲት ፊደል ያሳጥረዋል። ስለ እንዶድ ጥናት ለመጻፍ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሥራዎች የሚፈልግ ሰው አክሊሉን አያገኝም፤ የሚያገኘው «ለማ ኤ» ነው፤ ማለትም አባትዬውን ከልጁ የመጀመሪያ ፊደል ጋር። የጸሐፊዎች ሙሉ ስም መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለታተመ ሥራ ለማ የሚል አባት ያላቸውና ስማቸው በአ የሚጀምር አጥኚዎች ሁሉ፣ አለሙም ይሁኑ አስቴር፣ አንድ ሰው ይመስላሉ። መፍትሔው ስሙን ከርእሰ ጉዳዩ ጋር ማጣመር ነው። ይህን ሳደርግ የደረሰብኝን ደስታ ሳልናገር አላልፍም። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ቀንድ አውጣውን በመግደል፣ በእርሱ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሐርዝያ የተባለ በሽታ መቆጣጠር ይቻል እንደሆነ መመርመር ጀመሩ፤ ይህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ታሪኩን በትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን የወጣውን የራሳቸውን ጽሑፍ ግን ያነበብኩት በፐብሜድ ፈልጌ፣ ገጹ እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ በነጻ ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ለሰባት ደብዳቤ እንኳ የሚከብድ የሀገር ቤት ሰነድ ከቤተስዳ በስልኬ ላይ መጣልኝ፤ ነገሩ ቢያስደስትም ትንሽ ያሳፍራል።

ፎቶ ተነሥቶ የተቀመጠበት ቦታ ያልኩት ፐብሜድ ሴንትራል የተባለው እኅት አገልግሎት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ተከፍቶ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሙሉ ጽሑፎችን ይዟል። ይህ ወደ ዋናው ቅሬታዬ ይወስደኛል። ፐብሜድ በሩን ቢከፍትም ብዙውን ጊዜ የሚያስገባው እስከ ሳሎን ነው። ርእሱና አብስትራክቱ ይታያሉ፤ ሙሉውን ጽሑፍ ሲጫኑ ወደ አሳታሚው ይወስድና ለአንድ ጽሑፍ ብቻ 30 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ዋጋው በብር ቢተመን የሚሆነውን ትተን፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው የአዲስ አበባ ዘጋቢ ስንት ነው? ከዚህ የተነሣ አብዛኛው የጤና ዘገባችን በአብስትራክት ላይ የቆመ ነው፤ አብስትራክት ደግሞ አጥኚዎቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው የጻፉት 250 ያህል ቃል ነው።

ጉዳቱ በቁጥር ላይ ይገለጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋትን በ18 በመቶ እንደሚጨምር ባስታወቀ ጊዜ፣ «ሥጋ ከሚበሉ 100 ሰዎች 18ቱ ካንሰር ይይዛቸዋል» የሚመስል ትርጉም ያላቸው ርእሶች በየቦታው ወጡ። 18 በመቶው አንጻራዊ ጭማሪ ነው፤ ከ100 ሰዎች በዕድሜያቸው 5 የሚታመሙ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 6 ገደማ ይሄዳል ማለት ነው እንጂ ወደ 23 አይደለም። ቁጥሩም ስለ ቋሊማና መሰሎቹ እንጂ ስለ ቁርጥ አልነበረም፤ ቀይ ሥጋ የተመደበው «ምናልባት ያመጣል» ከሚባለው ሌላ ክፍል ነው። መነሻው 5 ይሁን 50 የሚነግረው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በጽሑፉ መካከል ነው፤ ያም ከክፍያው ግድግዳ በስተጀርባ ይቀራል። አንዷን ኮከብ የያዝኳት ለዚህ ነው፤ ምንም እንኳ ጥፋቱ በዋነኛነት የአሳታሚዎቹ እንጂ የቤተ መጻሕፍቱ ባይሆንም።

ግድግዳውን የምሻገርባቸው መንገዶች አሉ። «ነጻ ሙሉ ጽሑፍ» የሚለው ማጣሪያ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ በፐብሜድ ሴንትራል እንዲቀመጡ ግዴታ የነበረ ሲሆን፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ የ12 ወር ጥበቃ ቀርቷል፤ ለዜና ሰው 12 ወር ከዘለዓለም ስለማይለይ ለውጡ ትንሽ አይደለም። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልም ሙሉ ጽሑፎቹ እዚያው በነጻ ይነበባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ ለኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ይከፍታል፤ ሆኖም የሚመዘገበው ዩኒቨርሲቲው ወይም ሆስፒታሉ እንጂ ዘጋቢው በግሉ ስላልሆነ፣ እኔ የምጠቀመው ወዳጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከሁሉም የተሻለው መንገድ ግን ቀላሉ ነው፦ ከአብስትራክቱ ጋር የሚገኘውን የአጥኚውን ኢሜይል ወስዶ በትሕትና መጠየቅ። እምቢ ያለኝ አጥኚ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ፐብሜድ ላይ መገኘት የጥራት ማኅተም አለመሆኑ ነው። ሜድላይን የተባለው የውስጡ ክፍል በኮሚቴ የተመረጡ ከ5,000 በላይ ጆርናሎችን ይይዛል፤ ነገር ግን በፐብሜድ ሴንትራል በኩል የሚገቡ ሌሎችም አሉ፣ ከእነዚህም መካከል ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ የሚያትሙ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ በሙያ አቻዎች ገና ያልተገመገሙ ረቂቆች ከፊሉ ገብተዋል፤ ረቂቅ መሆናቸው ከላይ ተጽፎባቸዋል፣ የቸኮለ ዐይን ግን ይዘልለዋል። «ፐብሜድ ላይ የወጣ ጥናት» የሚለውን አባባል ከዘገባዬ ካወጣሁት ቆይቻለሁ፤ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያየሁት መጽሐፍ» ከማለት አይለይም።

በዚህ ረገድ የማመሰግነው የተሻሩ ጥናቶችን አያያዙን ነው። አንድ ጥናት በጆርናሉ ሲሻር ፐብሜድ አይደብቀውም፤ እዚያው ያስቀምጠውና ከላይ በጉልህ ተሽሯል ይላል፣ ወደ ሽረቱ ማስታወቂያም ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው ጆርናል ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ መረጃ ነው በማለት ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮሮና ታማሚዎች አደገኛ እንደሆኑ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ የሃይድሮክሲክሎሮኪን ሙከራውን ለጊዜው አቆመ፤ ሰኔ 4 ቀን ጽሑፉ ተሻረ። መጀመሪያ ከተጠራጠሩት ባለሙያዎች ጥያቄዎች አንዱ፣ ከአፍሪካ ያን ያህል ዝርዝር የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ከየት ተገኘ የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ እኛ፣ የካርድ ክፍል መደርደሪያ የምናውቀው፣ በመጀመሪያው ቀን ልንጠይቀው ይገባ ነበር፤ አልጠየቅንም፤ ርእሱን ተርጉመን አወጣን። ከዚያ ወዲህ የቆየ ጥናት ከመጥቀሴ በፊት ገጹን እንደገና እከፍታለሁ።

ፐብሜድን ከዜና መግለጫ አገልግሎቶች ጋር ለሚያወዳድሩ፦ የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ዩሬካለርት ለተመዘገቡ ጋዜጠኞች ጥናቶችን ከመታተማቸው በፊት፣ እስከ ተወሰነ ሰዓት እንዳይወጡ በሚል ገደብ ይሰጣል። ፍጥነትን ይሰጣል፤ የሚነግርዎት ግን የዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ግንኙነት ሊነግርዎት የፈለገውን ነው። ሁለቱም አሉኝ፤ አንዱን ለመስማት፣ ሌላውን ለማጣራት።

ፐብሜድ ፈጽሞ የማይሰጠው ነገር ግን አለ፣ ለአንባቢዬም ብዙ ጊዜ ዋናው እርሱ ነው። በዚህ ሳምንት በየትኛው ወረዳ ኮሌራ እንደታየ፣ ኢንሱሊን በየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች እንደጠፋ አይነግርም። ጥናት ተሠርቶ፣ ተገምግሞ፣ ታትሞ እስኪወጣ ዓመትና ከዚያ በላይ ያልፋል፤ ወረርሽኙ እዚያ ሲመዘገብ እኛ ረስተነዋል። ያን መረጃ የያዙት እዚሁ ያሉት፣ ደብዳቤ የሚጠይቁት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሊሰጥ እንደሚችልም አይተናል፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ የተመረመሩ፣ የተያዙና የሞቱ ሰዎች ቁጥር ዕለት ዕለት ይወጣ ነበር፤ ማንም ደብዳቤ አላመጣም።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልጨምር። ገጹ በስልክ ላይ ቀላል ነው፣ ዳታ አይበላም፣ መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ በደከመበት ምሽት እንኳ አብስትራክት ይከፍትልኛል። ኢትዮጵያ የሚለውን ቃል ከሚከታተሉት በሽታ ጋር አጣምረው ቢያስቀምጡ በየሳምንቱ አዲስ የወጣውን በኢሜይል ይልካል፤ ከዚህ የበለጠ የዜና ምንጭ በነጻ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የሁሉም አጥኚዎች ተቋም ስለሚመዘገብ፣ የጎንደርን ወይም የሐረማያን ተመራማሪዎች በተቋማቸው መፈለግም ይቻላል። ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆኑ ያታክታል፤ ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የአንድ መንግሥት ንብረት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤቶች የውጭ ግንኙነት ሲታገድ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሳምንታዊ መጽሔት ሳይወጣ ቀርቷል፤ ፐብሜድ አልተዘጋም፣ እኔ ግን በዚያ ሰሞን የአውሮፓውን ግልባጭ፣ ዩሮፕ ፒኤምሲን፣ በስልኬ ላይ አስቀመጥኩ፤ ይዘቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ለሌሎችም እመክራለሁ።

ባለፈው ወር በእናቶች የደም ማነስ ላይ ለምጽፈው ዘገባ በአንድ ቀን ሁለት ነገር አደረግኩ። ጠዋት ለአንድ መሥሪያ ቤት የሦስት ዓመት ቁጥር የሚጠይቅ ደብዳቤ አስገብቼ የመዝገብ ቁጥር ተቀበልኩ፤ ከሰዓት በፐብሜድ ላይ አብስትራክቱን ብቻ ላየሁት ጥናት አዘጋጅ ኢሜይል ጻፍኩ። አጥኚዋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሙሉውን ጽሑፍና ሠንጠረዦቹን ላኩልኝ፤ ከግርጌም «ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር ግር ካለዎት ይደውሉልኝ» ብለው ስልካቸውን ጽፈዋል። ግር ብሎኝ ነበር፤ ደወልኩ፤ ዘገባው በዐርብ ወጣ። የደብዳቤዬ የመዝገብ ቁጥር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሁንም ተጽፎ አለ።